ባለወፉ ባርኔጣ የተጣመመ ዕለት

የመጀመሪያ ቀን ሥራዬ ባርኔጣ አለመንካት ነበር። ወልድያ ወዳለው ባርኔጣ ሱቃቸው ስገባ ጋሼ ይመር እጄን አገላብጠው አዩና፣ የባርኔጣ አናት የነካሽ ዕለት ወደ አገርሽ ወደ መርሳ ትመለሻለሽ አሉኝ። ባርኔጣ የሚያዘው ዙሪያውን ባለው ክፈፍ ነው። እኔም ክፈፍ ስይዝ ከረምኩ።

ደህና ባርኔጣ ማለት ያኔ ባለወፉ ነበር፤ ገበሩ ላይ የወፍ ምልክት ያለበት ግራጫ የሱፍ ባርኔጣ። ከመርሳም ከሐራም ለሽምግልና የሚላክ፣ ልጁን የሚድር ሁሉ እሱን ሳይደፋ አይወጣም። አዲሱን እንሸጣለን። የተጣመመውን በማንቆርቆሪያ እንፋሎት አለስልሰን፣ የእንጨት ራስ ላይ ወጥረን፣ ክፈፉን በካውያ እናቀናለን። ጋሼ ይመር ለጠማማ ክፈፍ ምሕረት የላቸውም፤ እንደ ሰው ይቆጡታል።

ኋላ ደንበኞቻችን አንድ በአንድ ሞቱብን። ልጆቻቸው ኮፍያ ገዙ። ባለወፉ መደርደሪያ ላይ አቧራ ሲጠጣ ከረመና፣ ጋሼ ይመር ሱቁን ለሞባይል ነጋዴ ሊያስረክቡ ቃል ሰጡ። እኔ ከባርኔጣ ሌላ ምን አውቃለሁ? ሆዴ ባባ፤ ደግሞም ተናደድኩ። ሞባይል ራስ ላይ አይደፋ!

በዚህ መሀል ደሳለ የሚባል የመርሳ ባጃጅ ነጂ እየሮጠ መጣ። ወንድ አያቱ ሞተውበታል። በእኛ አገር ለቅሶ ላይ የሟች ባርኔጣ ተይዞ ይለቀሳል። ይሄ ጀግና አያቴን ላክብር ብሎ የሟቹን ባለወፍ በሳሙና አጥቦ ልብስ ገመድ ላይ በመቆንጠጫ ሰቅሎታል። የክፈፉ አንዱ ወገን ወደ ሰማይ፣ ሌላው ወደ ጆሮ ሆኗል። ጋሼ ይመር አይተው ቁጭ አሉ። ወጥረን ብናደርቀው ማደር አለበት፤ ለቅሶው ደግሞ ከሰዓት ነው። በእጅህ ከያዝከው ጉዱ ይታያል፣ አዘንብለህ ድፋው፣ ሆን ብለህ ያደረግከው ይመስላል አልኩት።

ደፋው። አንዱ በስልክ ቀረጸውና ቪዲዮው ከስልክ ስልክ ዞረ። ብዙም ሳይቆይ የመርሳና የውርጌሳ ጎረምሳ ሰፋፊ ጂንሱን እየጎተተ ሱቃችንን ሞላው። ሁሉም ባለወፉን እንደ ደሳለ አጣምሚልን ይላል። ጋሼ ይመር ካውያውን ደበቁ። ዕድሜዬን ሙሉ ሳቀና ኖሬ አላጣምም፣ ሱቁን ለሞባይል ሰጥቼ በክብሬ እወጣለሁ አሉ። ስለ ማርያም ብዬ ለመንኳቸው፤ ወይ ፍንክች።

አንድ ቀን የደሳለ ሴት አያት፣ የሟቹ ሚስት እማማ የሺ፣ ጥቁር እንደለበሱ መጡ። የባላቸውን ባርኔጣ ከአቧራው እንድናራግፍላቸው ነው። ጋሼ ይመር ተቀብለው፣ አይዞዎት፣ ቀጥ አድርጌ እንደ ጥንቱ እመልስልዎታለሁ አሏቸው። እማማ የሺ ከእጃቸው መልሰው ወሰዱት።

«ይተዉት። ጥንት ሲያጨኝ እንዲህ አዘንብሎ ነው የሚደፋው። ቀጥ ያደረጋችሁት እናንተ ናችሁ። ለቅሶው ላይ ደሳለ ደፍቶት ብቅ ሲል፣ እሱ ራሱ የመጣ መስሎኝ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ።»

አለቀስኩ፤ ምን ይደረግ። ጋሼ ይመር ባርኔጣውን ብዙ አዩት። ከዚያ ከጣውላው ሥር ካውያቸውን አውጥተው፣ ማንቆርቆሪያውን ጣጅ አሉኝ።

ሞባይል ነጋዴው ሌላ ሱቅ አገኘ። እሱም አንድ ጠማማ ባለወፍ ከእኛ ገዝቷል።

ባርኔጣ ሠሪ ክፈፉን ያበጃል፤ አደፋፉን የሚወስነው ባለራሱ ነው። ለጀማሪ የምነግረው ይኼንኑ ነው። አናቱን ግን አሁንም እንዳይነካ።