የተጣራ ውሃ አለን ብዬ የጻፍሁለት ሰው

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ባለ አንድ ኮሌጅ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ ነበርሁ። ኃላፊነቱን ያገኘሁት ከእኔ በፊት የነበረው መምህር ለትምህርት ውጭ ሄዶ ሳይመለስ ስለ ቀረ ነው፤ ሌላ ምክንያት እንዳለ እስከ ዛሬ የነገረኝ ሰው የለም። እኔ ግን በችሎታዬ የተሾምሁ መስሎኝ ክራባት ማሰር ጀመርሁ።

የጣናን ውሃና ደለል የሚያጠና አንድ የኢንኦርጋኒክ ኬሚስትሪ ሰው እንድንቀጥር ከተሾምሁ ከሦስት ዓመት በኋላ ከበላይ ተፈቀደልን። አንድ ከውጭ የመጣ አሮጌ መጽሔት ላይ «የድኅረ ዶክትሬት ተመራማሪ» ይፈለጋል የሚል ማስታወቂያ አይቼ ስለ ነበር፣ ስሙን በጣም ወደድሁት። ማስታወቂያውን በዚያው ስም አርቅቄ ዲኑ ዘንድ ገባሁ። ዲኑ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ የታሪክ ምሁር ናቸው። መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አነበቡና፣

«ድኅረ ዶክትሬት ማለት ምንድን ነው?» አሉኝ።

«ዶክትሬቱን ከጨረሰ በኋላ ምርምር እየሠራ የሚማር ማለት ነው።»

«ከጨረሰማ ምን የሚማረው ቀረው?»

«ልምድ ነዋ።»

«ከማን ነው የሚማረው?»

«ከእኔ» አልሁ።

ዲኑ ብዙ አዩኝ። ከዚያ ፈረሙ።

ማስታወቂያው ጋዜጣ ላይ ወጣ። አንድ ወር ሙሉ ከፖስታ ቤት አልጠፋሁም። ማመልከቻ ይጎርፋል ብዬ አዲስ ፋይል ከፍቼ፣ ጀርባው ላይ «ማመልከቻዎች» ብዬ በትልቁ ጽፌበት ነበር። የመጣው አንድ ደብዳቤ ብቻ ነው። ጸሐፊው በምሥራቅ ጀርመን ዶክትሬቱን የሠራ፣ አዲስ አበባ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ሲያገላብጥ የሚውል ሰው ነበር። ስለ ደመወዝ አልጠየቀም፤ ስለ ቤትም አልጠየቀም። የጠየቀው አምስት ነገር ነው፤ የተጣራ ውሃ አለ ወይ? ጥሩ ሚዛን አለ ወይ? የኬሚካል ጭስ ወደ ውጭ የሚስብ መሳቢያ አለ ወይ? ኬሚካሎቹ ጊዜያቸው አላለፈም ወይ? መብራት ይቋረጣል ወይ?

ለመጀመሪያዎቹ ሦስቱ «አለ»፣ «አለ»፣ «በሚገባ አለ» ብዬ መለስሁ። አራተኛውን «ሁሉም አዲስ ነው» አልሁት። ለአምስተኛው ደግሞ የጢስ ዓባይ ማመንጫ አጠገባችን መሆኑን ጠቅሼ፣ መብራት እንዲያውም ይተርፈናል ብዬ ጻፍሁ። ያን ቀን ውሸት የጻፍሁ አልመሰለኝም። ሰውየው እስኪመጣ ድረስ ሁሉም ይሟላል ብዬ አምኜ ነበር።

ሰኞ እንደሚገባ ቴሌግራም ሲደርሰኝ አንድም ነገር አልተሟላም። ሚዛኑን ወለወልሁት፤ የጭስ መሳቢያውን ቀለም ቀባሁት። የተጣራ ውሃ ግን በመወልወልም በመቀባትም አይገኝም። ማጣሪያ እንዲላክልን ለሦስት ዓመት በየዓመቱ ጽፌ መልስ አላገኘሁም። በመጨረሻ ሹም አቦ አካባቢ ጋራዥ ያለው አንድ ወዳጄ ዘንድ ሄጄ፣ ለመኪና ባትሪ የሚጨመረውን ውሃ ለመንሁት።

«ለየትኛው መኪና ነው?» አለኝ።

«ለምርምር ነው።»

«ምርምርም ባትሪ አለው?» ብሎ ሁለት ጀሪካን ሰጠኝ።

መደርደሪያው ላይ ስድስት ትልልቅ ጠርሙሶች ደርድሬ ነበር። ሁለቱ ጀሪካን ሦስቱን ብቻ ሞላ። ሦስቱ ባዶ ሆነው ሲታዩ ደስ ስላላለኝ ሁሉንም እኩል አካፈልሁና የጎደለውን ከቧንቧ ሞላሁት። «የተጣራ ውሃ» ብዬም በቆንጆ ጽሕፈት ለጠፍሁባቸው።

ሰውየው አጭር፣ ቀጭን፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ትንሽ ሻንጣውን እንደ ያዘ በቀጥታ ላቦራቶሪውን ካላየሁ አለ። እኔ ስናገር እሱ ያዳምጣል። ስለ ክፍሉ ታሪክ፣ ስለ ወደፊት ዕቅዳችን፣ እኔ ራሴ ልሠራ ስላሰብሁት ምርምር አወራሁለት። ስድስቱ ጠርሙሶች ፊት ሲደርስ ቆመ።

«ሲልቨር ናይትሬት ይኖራል?» አለኝ።

«እሱስ ሞልቶ!» አልሁ። በዚያ ቀን ከአፌ የወጣው የመጀመሪያው እውነት እሱ ነበር። ሮጬ አመጣሁለት።

ከጠርሙሱ ትንሽ ውሃ በመስታወት ቱቦ ቀድቶ ሁለት ጠብታ ሲልቨር ናይትሬት ጨመረበት። ውሃው እንደ ወተት ነጣ። ይህን ሙከራ እኔ ራሴ በየዓመቱ ለአዲስ ተማሪዎች አሳያለሁ፤ ውሃው ውስጥ ጨው ካለ ይነጣል፣ ንጹሕ ከሆነ ግን ምንም አይሆንም እያልሁ። ጠርሙሶቹን ስሞላ ግን የሚመጣው ሰው ኬሚስት መሆኑ ትዝ አላለኝም።

«ይህ የቧንቧ ውሃ ነው» አለ።

«ግማሹ ብቻ ነው» አልሁ።

«ሌላውስ?»

«የመኪና ባትሪ ነው።»

አልሳቀም፤ አልተቆጣምም። ቱቦውን በጥንቃቄ አጥቦ መልሶ አስቀመጠና «ሻይ ይገኛል?» አለኝ። ሻይ ጠጥቶ የመመለሻ አውቶቡሱን ሊጠይቅ ነው ብዬ አንገቴን ደፍቼ ወደ መምህራን ክበብ ወሰድሁት።

ክበባችን ውስጥ አንድ ትልቅ የብረት ሻይ ማፍያ ነበር። የክበቡ ኃላፊ፣ ሁላችንም እትዬ የምንላቸው ሴት፣ ከሱ ቀድተው ሰጡን። ሰውየው ብርጭቆውን ይዞ ማፍያውን ዞረው፤ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ከታች የተለጠፈችውን ትንሽ የብረት ጽሑፍ በጀርመንኛ ማንበብ ጀመረ።

«እትዬ፣ ይህን ከየት አገኙት?»

«መንግሥት የሰጠን ነው፤ በርዳታ የመጣ።»

ወደ እኔ ዞረ። «ይህ የውሃ ማጣሪያ ነው። ከላዩ የሚገጠም ጥምዝምዝ የመስታወት ቧንቧ ነበረው። የት ገባ?»

የት እንደ ገባ አውቃለሁ። የዕቃ ቤቱ ሰዎች «ተርፎ ነው» ብለው ሲያመጡልኝ ቢሮዬ መደርደሪያ ላይ ለጌጥ አስቀምጬዋለሁ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት ያምራል። ዕቃ ቤት ሄደን መዝገቡን ስናስገልጥ «የሻይ ማፍያ፣ ትልቅ፣ አንድ» ይላል። የተረከበው ሰው ፊርማ የእኔ ነው። ሳጥኑ ሲመጣ ስብሰባ ላይ ስለ ነበርሁ፣ ሳላየው ነበር የፈረምሁት። ሦስት ዓመት ሙሉ ከማጣሪያው የፈላ ሻይ እየጠጣሁ፣ ማጣሪያ ላኩልን እያልሁ ስጽፍ ኖሬያለሁ።

ሰውየው ያን ጊዜ ሳቀ። መዝገቡ ላይ ተደግፎ፣ ዓይኑ እንባ እስኪያቀርር ሳቀ። እኔም ትንሽ ቆይቼ ተከተልሁት፤ ሳቄ ግን ብዙም አላማረም።

ከሰዓት በኋላ ኮሚቴው ፊት ቀረበ። ዲኑ፣ አንድ የፓርቲ ተወካይና እኔ ነን። ዲኑ «ላቦራቶሪውን እንዴት አገኙት?» ብለው ሲጠይቁት እኔ በመስኮቱ ሐይቁን ማየት ጀመርሁ።

«መምህሩ አለ ብለው የጻፉልኝ ነገር በእርግጥ አለ» አለ፤ «ያለበትን ቦታ ብቻ ነው የማያውቁት።»

ዲኑ ምን ማለቱ ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። ከባትሪው ውሃ ጀምሬ እስከ መዝገቡ ድረስ ነገርኋቸው። የፓርቲው ተወካይ ማስታወሻ መያዙን ትቶ እስክሪብቶውን አስቀመጠ። ዲኑ መነጽራቸውን አወለቁ።

«አንተ ነህ እኚህን ሰው የምታስተምራቸው?» አሉኝ።

ሰውየው ሥራውን ተቀበለ። ለምን እንደ ተቀበለ በኋላ ስጠይቀው፣ አዲስ አበባ ያለው ቢሮው ውስጥ የሚከፈት መሳቢያ እንጂ የሚገጣጠም ዕቃ እንደ ሌለ ነገረኝ። ያስቸገሩን እትዬ ናቸው። «አንድ ዶክተር መጣ ተብሎ መምህር ሁሉ ሻይ ሊከለከል ነው?» ብለው ማፍያውን ሦስት ቀን አልለቅም አሉ። በአራተኛው ቀን የቤቴን ትልቁን የድግስ ድስት አምጥቼ ለወጥኋቸው። ባለቤቴ ድስቱ የት እንደ ገባ ያወቀችው ለክርስትና ስትፈልገው ነው።

ማጣሪያው የሻይ ሽታው እስኪለቀው አንድ ሳምንት ፈጀ። ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት አብረን ሠራን፤ ማለት እሱ ሠራ። በታንኳ እየወጣን ከሐይቁ ልዩ ልዩ ቦታ ውሃና ደለል እንቀዳለን። እኔ ውሃ እንደምፈራ እስከዚያ ድረስ ለማንም ተናግሬ ስለማላውቅ፣ አንድ እጄ ታንኳውን ጨብጦ በሌላው ጠርሙስ አቀብላለሁ። ጥናቱ ሲታተም ስሜን ከሱ ቀጥሎ አገባው። አውጣው ብዬ በግማሽ ልብ ለመንሁት።

«ጠርሙሶቹን ማን ያዘ?» አለኝ።

እውነቱን ነው፤ ይዣለሁ። ሁለቱን ሐይቁ ውስጥ መጣሌን ግን ጽሑፉ አያነሣም።