ረህማ ቅርጫቷን ከጉልበቷ ያወረደች ዕለት

ዳባት ላይ የጎንደር መንገድ እንዴት እንደከረመ ማወቅ የፈለገ ሰው ሹፌር አይጠይቅም ነበር፤ የረህማን ጣሳ ያይ ነበር።

ረህማ እንቁላል ነጋዴ ናት። በገበያ ቀን ከገበሬ ሴቶች ትሰበስብና በማግስቱ ጭድ በተጎዘጎዘ ቅርጫት ጎንደር ታወርዳለች። መንገዱ ኮረኮንች በነበረበት ዘመን ቅርጫቱ ሚኒባሱ ወለል ላይ ከተቀመጠ አለቀለት። ስለዚህ ጉልበቷ ላይ ታቅፈው ነበር። መኪናው በዘለለ ቁጥር እግሯን እያላላች፣ ትንፋሿን እየዋጠች፣ እንደ ሕፃን ታባብለዋለች። እንዲያም ሆኖ የሚሰበር አይጠፋም። የተሰበረውን ክዳን ባለው ጣሳ ታንጠፈጥፍና ይዛ ትመለሳለች። ልጇ ሰሀር ሽንኩርት ከትፋ ትጠብቃታለች። ጣሳው ከሞላ መንገዱ ከፍቷል ማለት ነው፤ ለሰሀር ግን ያ ቀን በዓል ነው። ደኅናውማ የገበያ ነው፣ ማን ደፍሮ ይበላዋል?

ንግዷ ከጉልበቷ ስፋት አልፎ አያውቅም። በዐቢይ ጾም የክርስቲያኑ ቤት እንቁላል አይነካም፤ ዶሮዎቹ ግን አይጾሙም። እንቁላሉ በየጓዳው ይከማቻል፤ ጎንደር ደግሞ ለፋሲካ እንቁላል አምጡ ትላለች። በዚያ ሁሉ ጓዳና በዚያ ሁሉ ከተማ መካከል የነበረው የአንዲት ሴት ጉልበት ብቻ ነበር።

አስፋልቱ ተነጥፎ ባለቀ ዓመት፣ በሰሞነ ሕማማት፣ ረህማ አናጢውን ገዱን ትልልቅ ሳጥኖች አሠራችው። ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ፣ ፖርቶመጋላው ላይ ሊጫኑ ነው። እንቁላሉን አምነው የሰጧት ሴቶች መናኸሪያ ድረስ ሸኟት። ወርቄ የምትባለው ገበሬ የሳጥኑን ክዳን እየዳበሰች፣

«እታለም ረህማ፣ የጾሙን በሙሉ ነው የሰጠሁሽ። አደራ!» አለቻት።

«አውቃለሁ። ከተሰበረ ዳባት ላይ ሁለተኛ እንቁላል አምኖ የሚሰጠኝ የለም።»

ሹፌሩ ዋሴ ከመሪው ኋላ ሆኖ ሳቀ። «ጉልበትሽ ዛሬ ጡረታ ወጣ!»

«አንተ ብቻ ቀስ በል።»

«እንዲህ ያለ መንገድ ተነጥፎልኝ ቀስ በል? ግፍ አይሆንም?»

መኪናው ተነሣ። ጎማው እንደ ወትሮው አልተንጓጓም፤ ሹክሹክታ ብቻ። የረህማ እጆች ከልማዳቸው ባዶ ጉልበቷን አቅፈው ቀሩ። ዓይኗ ግን ሥራ አልነበረውምና ወደ መስኮቱ ሄደ። የታረሰው መሬት ጠቁሮ፣ ባሕር ዛፉ ቀጥ ብሎ፣ ሩቁ ገደል በጭጋግ ሰማያዊ ሆኖ ነበር። ስንት ዓመት የተመላለሰችበትን አገር ያን ቀን አየችው!

አምባ ጊዮርጊስን እንዳለፉ ለፋሲካ ገበያ የሚነዱ በጎች አስፋልቱን ሞሉት። ዋሴ ፍሬን ያዘ። ከላይ ሳጥኖቹ ጓ! አሉ።

«ክፈትልኝ!» አለች ረህማ። መሰላሉን እንዴት እንደወጣችው እሷም አታውቅ። የመጀመሪያውን ክዳን ከፍታ እጇን ጭዱ ውስጥ ሰደደች፤ ጣቶቿ እርጥበት ፈለጉ። ደረቅ ነው። ሌላውን ከፈተች። ደረቅ። የመጨረሻውንም።

«እህስ?» አለ ዋሴ ከታች አንጋጦ። ላቡ ግንባሩ ላይ ችፍ ብሏል።

«ንዳ፤» አለች፣ ክዳኑን መልሳ እየገጠመች። «ቀስ ብለህ ግን።»

አመሻሽ ላይ ዳባት ስትመለስ ወርቄ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ ነበር። ባዶዎቹን ሳጥኖች አይታ እልል አለች። «ዶሮ እጨምራለሁ! ገዱንም ሳጥን ጨምር በዪው!»

ቤት ሰሀር ሽንኩርቱን ከትፋ ጨርሳለች። ጣሳውን ተቀብላ ነቀነቀችው፤ ከፊቷ ላይ ብርሃኑ ጠፋ።

«እማ፣ ምንም የለውም! ይኼ አስፋልት ጠላቴ ነው!»

ረህማ ከሻሿ ጫፍ ውስጥ ሁለት ደኅና እንቁላሎች ፈትታ አወጣች። ለራሷ ስታስቀር የመጀመሪያዋ ነው። ሰሀር አንዱን ተቀብላ አገላበጠችው፣ ወደ ጆሮዋ አስጠጋችው፣ ግራ ገባት።

«እማ፣ ይኼ እንዴት ነው የሚከፈተው?»

ረህማ የልጇን እጅ ከነእንቁላሉ በእጇ ያዘች፤ በባዶው ጣሳ ጠርዝ ላይ ቀስ አድርጋ መታችው።