በሸራ የጎተትነው በሬ

ከደሴ ተቀይሬ መቀሌ ሳስተምር ከትምህርት ቤታችን የእንጨት ሥራ መምህር ጋር በደባልነት እኖር ነበር። የከተማው ልጅ ነው፤ እጁ የማይሠራው ነገር የለም፤ ንጽሕና ግን አያውቅም። ሙጫ ባጠነከረው ጣቱ እንጀራ ሲቆርስ ፊቴን አዞር ነበር።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ እንዳለፈ፣ ከአራት በርሜልና ከባሕር ዛፍ ጣውላ ጀልባ ሠራ። ከጭነት መኪና የተረፈ ሸራ ሰቀለባትና ከቁሓ ወዲያ ካለው የመስኖ ግድብ አደረሳት። “ማዶ ደርሰን እንመለሳለን” አለኝ። ዋና አልችልም፤ ፈሪ እንዳልባል ሄድኩ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ተነሣን። ሸራው በነፋስ ሲወጠር፣ እውነት ለመናገር፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ ሽታው እስኪመጣ ድረስ ነበር። መጀመሪያ የበርሜሎቹ መስሎኝ ነበር። መሀል ስንደርስ ነፋሱ ቆመ፤ ጨለመም። ከዚያ ጀልባዋ ከአንድ ለስላሳ ነገር ጋር ተላተመች።

ጓደኛዬ ባትሪ አበራ። በሬ ነው፤ ሆዱ ተነፍቶ እግሮቹ ተገትረዋል። ዐይኑ በነበረበት ቦታ ትል ይርመሰመሳል።

“ባንተ በኩል ነው፣ ዓርከይ፣ ወዳጄ፤ ግፋው” አለኝ።

ገፋሁት። ፀጉሩ ከነቆዳው ተልጦ መዳፌ ላይ ቀረ። የበላሁትን ሁሉ አስመለስኩ። እሱ እየሳቀ እጁን በዚያው ውኃ ለቅለቅ አደረገና ከኪሱ ሕምባሻ አውጥቶ ገመጠ። “ብላ፣ ሆድህ ባዶ ሆኗል።” ሰው እንዲያ ተጸይፌ አላውቅም።

እየቀዘፍን ማዶ ስንደርስ ጠና ያሉ ሴት ጀሪካን ሲሞሉ አገኘን።

“እናቴ፣ አይቅዱ! በሬ ሞቶበታል!” ብዬ ጮኽኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። “እናውቃለን፣ ወደይ፣ ልጄ። አራት ቀኑ ነው፤ የኛው በሬ ነው። ሊጠጣ ገብቶ ጭቃ ያዘው፤ ሞቶ ሲነፋ ወደ መሀል ተንሳፈፈ። ዋናተኛ የለንም፤ ሌላ ውኃም የለንም።” ከዚያ ጀልባዋን አዩ። “በዚህች አታወጡልንም?”

“ነገ ሰው ይዘን እንመጣለን” አልኩ ቶሎ ብዬ።

ጓደኛዬ ግን ገመድ ይፈታ ነበር። “ዛሬም ነገም ሊጠጡት ነው” አለኝ፤ አልሳቀም።

ወደ በሬው ተመለስን። እሱ ጣውላው ላይ በደረቱ ተኝቶ፣ ክንዱን እስከ ትከሻው ነክሮ ቀንዶቹን አሰረ። እኔ አፍንጫዬን በሸሚዜ ሸፍኜ ባትሪ ያዝኩ። እንደገና የተነሣው ነፋስ ሸራውን ሞላው፤ በሬው ከኋላችን እየተንሳፈፈ፣ ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር ከሆዱ አየር እየለቀቀ ተከተለን።

ሴትዮዋ ጎረቤት ጠርተው ጠበቁን። ወደ ደረቅ መሬት ሲስቡት ሆዱ ፈነዳና ሁላችንንም ረጨን። ማንም ገመዱን አልለቀቀም። እኔ ሮጥኩ። የተመለስኩት እጄን በሣር ፈትጌ፣ በሬው የተቀበረበት ጉድጓድ አፈር ከለበሰ በኋላ ነው።

ሴትዮዋ ቤታቸው ወስደው ጠላ ቀዱልን። ከየትኛው ውኃ እንደተጠመቀ አውቃለሁ። ጓደኛዬ ጭልጥ አድርጎ ጠጣ።

“ሆዴን አሞኛል” አልኩ።

እጆቼን አዩ፤ ንጹሕ ነበሩ። ዋንጫውን ተቀብለው ለእሱ ሰጡት።

ጀልባዋን እዚያው ትተን ቁሓ እስክንደርስ በእግራችን ስንጓዝ እሱ ቀድሞኝ ይራመድ ነበር። እኔም ይቅርታ ልለው እያሰብኩ፣ እንዳይነካኝ ራቅ ብዬ ነበር የምሄደው።