የተፈረደበት ተልባ

እኔ አሰላ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ሚስቴ ደብረ ብርሃን ነርስ ናት። እሷ እዚያ፣ እኔ እዚህ፣ በመካከላችን አንድ የዝውውር ማመልከቻ። ማመልከቻው ያኔ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ በጠየቅኩ ቁጥር "በሂደት ላይ ነው" እባላለሁ። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ሰበብ እንዲሆነኝ ነው። እንደማይሆነኝም አውቃለሁ።

አንድ ቀን ከላይ ደብዳቤ መጣ። አደንዛዥ ዕፅ የሚያመርትና የሚነግድ ሁሉ ይመንጠር፣ ውጤቱም በወሩ መጨረሻ ሪፖርት ይደረግ ይላል። የኦፒየም ተክል ሥዕልም ተያይዟል። ታዲያ ሥዕሉ ከቢሮ ቢሮ ፎቶ ኮፒ ሲደረግ፣ ሲደረግ፣ አበባው ጥቁር ጭቅቅት ሆኗል። የሚለየው ቀጭን አገዳ ላይ የተቀመጠ ክብ ራስ ብቻ ነው። ወዲያው ግብረ ኃይል ተቋቋመ። ሰብሳቢው የዝውውር ወረቀቴን የሚፈርመው ሰውዬ ነው፤ እኔንም "የዕፅዋት ባለሙያ" ብሎ አስገባኝ። ጫት በደብዳቤው ስላልተጠቀሰ አልነካነውም። እንዲያውም ስብሰባውን የሚያሞቀው እሱ ነበር።

ሁለት ሳምንት ዞርን። ስንዴ፣ ገብስ፣ ስንዴ፣ ደግሞ ስንዴ። በሲሬ መንገድ አንድ ሰውዬ ጓሮ ለዘር የተተወ ሽንኩርት ክብ ራስ አውጥቶ ስላገኘን፣ ምስኪኑ ግማሽ ቀን ሲጠየቅ ዋለ። ከዚያ በቀር ምንም የለም። ሰብሳቢውን ላብ አጠመቀው። "ዜሮ የሚባል ሪፖርት አይላክም!" እያለ ይጮኻል።

በመጨረሻ ወደ አከራዬ ጓሮ ገባን። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው እናት ናቸው፤ እማማ ነው የምላቸው። አገሩ ሁሉ ስንዴ ብቻ ሲዘራ እሳቸው ከቤቱ ጀርባ ባለችው ቁራሽ መሬት ተልባ ይዘራሉ። ዘሩ ከባላቸው እጅ የቀረ ነው፤ በየዓመቱ እየዘሩ፣ እየሰበሰቡ አቆይተውታል። ጨጓራዬ ሲነሳብኝ ቆልተው፣ ወቅጠው፣ በጥብጠው ያመጡልኛል። "ቢስሚላህ ብለህ ጠጣ፤ ሚስትህ አጠገብህ የለች" ይሉኛል። በዚያ ሰሞን ልጃቸው ወልዳ እሳቸው ወደ ጢቾ አራስ ጥየቃ ሄደው ነበር። ተልባው ታጭዶ፣ ሳይወቃ ተከምሯል። ያላቸው ዘር በሙሉ እዚያ ክምር ላይ ነው።

ሰብሳቢው አንድ ዘለላ መዘዘና ከሥዕሉ ጎን ያዘው። ክብ ራስ፣ ቀጭን አገዳ። "መምህር፣ እርስዎ ምን ይላሉ?"

ምን እላለሁ? መንዝ ተወልጄ ተልባ ልስት ነው? የግብረ ኃይሉ አባላት እኮ ሁሉም የገበሬ ልጆች ናቸው፤ ተልባ የማያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። ግን ባለሙያ እያለ ማን ይናገራል? እነሱ እኔን ያያሉ፣ እኔ ሰብሳቢውን አያለሁ፣ ሰብሳቢው ሥዕሉን ያያል።

"ተመሳሳይነት አለው" አልኩ። አፌን በቆረጠው!

ቃለ ጉባኤው ላይ "በባለሙያ ተረጋግጧል" ተብሎ ተጻፈ፤ ፈረምኩ። በማግስቱ ክምሩ ሜዳ ላይ ወጥቶ በሕዝብ ፊት እሳት ተለቀቀበት። ሰብሳቢው ድምፅ ማጉያ ይዞ ስለ ሱስ አስከፊነት ይናገራል። ወዲያው ፍሬው መንጣጣት ጀመረ፤ ሜዳውንም የተቆላ ተልባ ሽታ ሞላው። ወይ ጉድ! ሰው ሁሉ ምራቁን ይውጣል፣ አፍንጫውን ያሻሻል። ከኋላዬ አንዲት ሴት ሳቋን በነጠላዋ አፈነች። ሰብሳቢው በዚህ መሀል እጁን አንሥቶ በዕፅ ነጋዴዎች ላይ ፎከረ፦ "ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ!" ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብኩ።

እማማ በሦስተኛው ቀን ተመለሱ። ጓሮውን አዩ፣ ጎረቤት ነገራቸው፤ እኔን ግን አልወቀሱኝም። እንደ ወትሮው ሰላም አሉኝ። ጨጓራዬ ተነሣብኝ፤ የሚበጠበጥ ተልባ ግን አልነበረም።

ከዚያ ቢሮ ተጠሩ። ሰብሳቢው "እናታችን ናቸው፣ አንከሳቸውም፤ የግዴታ ወረቀት ብቻ ይፈርሙ" አለ፤ ርኅራኄው ነው እንግዲህ። ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን እኔ እንዳነብላቸው ታዘዝኩ። በኦሮምኛ አነበብኩላቸው፦ ከእንግዲህ ኦፒየም እንደማይዘሩ፣ እንደማያከማቹ፣ እንደማይሸጡ።

በጥሞና ሰሙኝ። "ኦፒየም የሚሉት ምንድን ነው፣ ልጄ?" አሉ።

ሰብሳቢው ጣሪያውን ማየት ጀመረ። ተልባ በኦሮምኛም በአማርኛም ተልባ ነው፤ የምሸሸግበት ቋንቋ እንኳ አልነበረኝም።

"ተልባ ነው፣ እማማ።"



"ወላሂ፣ ብርጭቆ ውስጥ እንጂ ማሳ ላይ አያውቀውም ብዬ ይቅር ብዬህ ነበር" አሉና፣ አውራ ጣታቸውን ቀለሙ ላይ ጫኑ።