ከእማዬ ሞት በኋላ የሠራሁት ሰርቨር

ሙያሽ ምንድን ነው ሲሉኝ «ኮምፒውተር እጠግናለሁ» ብዬ እዘጋዋለሁ። ሰርቨር የሚባለውን ቃል አላነሳም። አንድ ጊዜ ቤቴ ሠርቼ አይቼዋለሁ፤ በቃኝ!

እማዬ የሞተችው አባባ አዲስ አበባ፣ ታላቅ ወንድሜ ቤት ሆኖ ልቡን ሲታከም ነው። ደም ግፊቷ ድንገት ጨመረና ሐዋሳ፣ ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ባለው ቤታችን እጄ ላይ ሄደች። ወንድሜ ለቀብር ብቻውን መጣ። ድንኳኑ ገና ሳይፈርስ እሱና የእማዬ ታላቅ እህት ጓሮ ጠሩኝና የጨረሱትን ነገር ነገሩኝ። ለአባባ አይነገረውም። ሐኪሙ መደንገጥ የለበትም ብሏል። እስኪያገግም ድረስ «ትንሽ አሟት ፀበል ገብታለች» ይባላል፤ ሲሻለው በሽማግሌ፣ በወጉ ይረዳል።

«እስኪሻለው ማለት እስከ መቼ ነው? ሚስቱ እኮ ናት!» አልኩ።

«አንቺ ደግሞ! ለታመመ ሰው መርዶ ይነገራል እንዴ? ልትገድይው ነው?» አለች አክስቴ።

ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው ይባላል። እነሱ ግን የሰውዬውን ሐዘን ከሰውዬው ቀምተው፣ መቼ እንደሚያለቅስ ቀን ሊቆርጡለት ቁጭ አሉ። ጎረቤቱም እድሩም «ደግ አደረጋችሁ» አላቸው። ሰው ሁሉ አንድ ለአምስት በተጠረነፈበት፣ ማን ማታ ምን እንደበላ ቀበሌው ጠዋት በሚሰማበት በዚያ ዘመን፣ ሰፈሩ በሙሉ የአንድን ሰው ሚስት ሞት ለሰውዬው ደበቀ። ሲፈልጉ ምስጢር ይችላሉ ለካ!

አባባ ግን «ፀበልም ትግባ፣ ድምጿን ልስማ» እያለ አስቸገረ። ወንድሜ መላ ያለው መሰለው። እማዬ ስልክ አትወድም ነበር። ኔትወርኩ እየተቆራረጠ «ሄሎ፣ ሄሎ» ሲያስብላት ትበሳጫለች። ስለዚህ አባባ ለሕክምና ከሄደ ጀምሮ ኮምፒውተሬ ፊት አስቀምጬ እቀዳላት ነበር። ስለ አቮካዶው ዛፍ፣ ስለ ተከራዮቹ ጠብ፣ ስለ ዝናቡ ደስ እስኪላት ታወራለች። የተቀዳውን በፍላሽ አድርጌ አውቶቡስ ለሚሳፈር ሰው እሰጥና አባባ ጋ ይደርሳል። ስትሞት ገና ያልተላከ ብዙ ነበረኝ። «ያሉትን ቀስ በቀስ ላኪልኝ፤ አሁን የላከችው አስመስዬ አሰማዋለሁ» አለ ወንድሜ።

በሰው ልላክ ብል እንዴት ተደርጎ! ከሐዋሳ የሚሄደው ሰው ሁሉ እኛ ድንኳን የተቀመጠ ለቀስተኛ ነው፤ አባባን ሲያይ «እግዚአብሔር ያጽናዎት» ማለቱ አይቀርም። በኢሜይል ብሞክረው ፋይሉ ከብዶ ይመለሳል። የቀረኝ ሰርቨር ነበር። ሳሎን ጥግ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ አስቀምጬ ከሞደሙ ጋር አገናኘሁት፤ ነፃ ፕሮግራም ጫንኩበት፤ ከውጭ የሚገባበትን ፖርት ከፈትኩ፤ ለወንድሜ መግቢያ ስምና የይለፍ ቃል ሰጠሁት። እሱ አዲስ አበባ ተቀምጦ ከእኔ ሳሎን ፋይል ያወጣል፤ ከፈለገም ያስገባል። የእማዬን ድምፅ እዚያ ውስጥ ደረደርኩለት። ከፍቼ ልሰማው ግን አልቻልኩም። ዝም ብዬ ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው እጎትታለሁ።

መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር የቤቱ የኢንተርኔት አድራሻ ይቀየራል። መብራቱ ደግሞ ያው መብራት ነው! ወንድሜ መግባት ሲያቅተው ይደውልና፣ አባባ አጠገቡ ስለሚቀመጥ፣ «የዚያን ሰውዬ ስልክ ቁጥር እስቲ ንገሪኝ» ይላል። እኔም አዲሱን አድራሻ አንድ በአንድ አነብለታለሁ። የገዛ አባታችን ፊት ሌባና ተቀባይ ሆንን። ተቃጥዬ ስዘጋው «ጎሽ፣ አባባ እኮ ሰምቶ ደስ አለው» የሚል መልእክት ይልክልኛል።

ያላሰቡት ነገር ግን መጣ። አባባ «እሷ እየላከች እኔ ዝም ልል ነው? እኔም ልናገር» አለ። እውነቱን ነው፤ ምን ይበሉት? ወንድሜ ላፕቶፑን ከፍቶ ማይኩን ፊቱ ያስቀምጥለታል። ከዚያ ባልና ሚስት ሲጫወቱ ልጅ አይቆምም ብሎ በሩን ዘግቶለት ይወጣል። አባባ ሲጨርስ፣ ወንድሜ የተቀዳውን ሳያዳምጥ እኔ ሰርቨር ውስጥ ያስገባዋል። «መልስ» የሚል ፎልደር ከፈትኩ። ለሞተች ሴት የሚመጣ መልስ በየጊዜው ሳሎኔ ይገባ ጀመር። እኔም አልከፍተውም ነበር። ለእሷ የተባለ ነው፤ ምን ቤት ነኝ?

የእማዬ አርባ ከወጣ በኋላ አንድ ቀን ወንድሜ ደውሎ «ዛሬስ ሲናገር ቆየ፤ ሆዱ የባሰው ይመስላል» አለኝ። ስጋት ያዘኝና የመጨረሻውን ፋይል ከፈትኩት።

«ልጄ፣ ይሄን የምትሰሚው አንቺ ነሽ» ይላል አባባ። «እናትሽ የለችም። እኔ ጠይቄያት ሳትመልስልኝ የምታልፍ ሴት አልነበረችም። ኅዳር ገብቶ እሷ ስለ ነሐሴ ዝናብ ታወራኛለች። ለወንድምሽ አልነገርኩትም። ያዳነኝ መስሎት ደስ ብሎታል፤ እንዳይከፋው። ሻወር ቤት እገባና ውሃውን ከፍቼ ነው የማለቅሰው። አርባዋን አወጣችሁላት? እባክሽ ቤቴ ውሰጂኝ። ጋቢዬን አዘቅዝቄ፣ ሰው መሐል ቁጭ ብዬ፣ ሚስቴን ላልቅሳት።»

ኮምፒውተሩ ፊት ተንሰቅስቄ አለቀስኩ። ከዚያ ደወልኩ።

«ጋሼ፣ አባባ ያውቃል።»

«ጠርጥሮ ሊያወጣጣሽ ነው። አፍሽን ያዥ!»

«ራሱ ሲናገር ቀድተኸዋል እኮ! እዚያው ላፕቶፕህ ላይ አለ፤ ከፍተህ ስማው!»

«የአባቴንና የእናቴን ጨዋታ ቁጭ ብዬ አላዳምጥም። ነውር ነው» አለኝ።

ነውር! ሲዋሹት ነውር ያልሆነው፣ ሲሰሙት ነውር ሆነ። ከሐኪም ቀጠሮው በኋላ እናያለን ብሎ ዘጋው። ለአባባ በሰርቨሩ እንዳልመልስለት፣ እዚያም የሚያወጣውና የሚያሰማው ያው ወንድሜ ነው። በማግስቱ ሰላም ልለው ነው ብዬ ደወልኩና፣ ወንድሜ ስልኩን ሲያቀብለው «አባባ፣ ሰምቼሃለሁ። ቅዳሜ መጥቼ እወስድሃለሁ» አልኩት።

«በይ እሺ፣ ተባረኪ። ልብሴን አሰናድቼ እጠብቅሻለሁ» አለኝ።

ሐሙስ ሞተ። ቁምጣውን በሱሪ ቀይሮ፣ ጫማውን አድርጎ፣ አልጋው ጫፍ ላይ እንደተቀመጠ አገኙት አሉ። ወንድሜ በመኪና አምጥቶት ከእማዬ ጎን ቀበርነው።

ድንኳኑ እንደገና ተተከለ። ያው የእድር ወንበር፣ ያው ሰው። ያ ሁሉ ለቀስተኛ እየገባ የሚለው አንድ ነገር ነው፦ «የታደሉ! የሚስታቸውን ሞት ሳያውቁ፣ አንዲት እንባ ሳያፈሱ ሄዱ።» ወንድሜ አንገቱን ደፍቶ ይነቀንቃል። አክስቴ «ይመስገን፣ ይቺንስ አሳካንለት» ትላለች።

አልቻልኩም። «ያውቅ ነበር!» ብዬ ጮህኩ። «ያውቅ ነበር! ተደብቆ ሲያለቅስ ነው የሞተው!»

ወንድሜን አየሁት፤ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። አክስቴ ተነስታ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። «ተዉአት፣ ሐዘን ነው» አለቻቸው። «እናትና አባት ባንድ ዓመት፣ ምን ታድርግ፣ ያስለፈልፋል።» አንዷ ጎረቤት ውሃ አመጣችልኝ። «ጠጪ የኔ እናት» አለችኝ፤ ዞር ብላም አጠገቧ ላለችው ሴትዮ «እሳቸውስ ተገላገሉ» አለቻት።