አያ ደምሌ ሰደፍ ያስቀየረ ለት

ትእዛዙ የደረሰን በሱዳን በኩል፣ ባሱንዳ አጠገብ፣ ማሽላው ታጭዶ አገዳው ብቻ በቀረበት እርሻ ዳር ሰፍረን ሳለ ነው። አጭር ነበር። ንጋት ላይ ድንበሩን ተሻግረን ከደረቁ ወንዝ በላይ ያለችውን ጉብታ እንድንይዝ፤ ከጎንደር ቆላ በረሃብ የተነቀለው ሕዝብ የወንዙን አሸዋ አልፎ ሱዳን እስኪገባ ድረስ እንዳንለቅ። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። እናንተ በወሬ ትሰሙት ይሆናል። እኛ ሕዝብ ቆሞ እየሄደ ሲያልቅ አይተናል።

አሥራ ሁለት ነበርን። መሪያችን ካሣ ይባላል፤ ከተናገረው ዝም ያለው የሚበዛ ሰው ነው። ከሁላችን አርቆ የሚመታው ደግሞ ደምሌ ነበር። በዕድሜ ስለሚበልጠን «አያ» እንለዋለን። የእኛ ክላሾች ጥይታቸው ጥቂት ነው፤ የጉብታዋ ፊት ደግሞ ገላጣ ሜዳ። ስለዚህ የሚመጣውን የደርግ ጦር ከሩቅ ይዞ የሚያቆይልን የደምሌ ምንሽር ብቻ ነበር።

ያቺ ምንሽር ግን ገና የእንጨት ሰደፍ ቀይራ መምጣቷ ነው። አሮጌው ሰደፍ ከአህያ ጋር ገደል ገብቶ ተሰነጠቀ። አህያይቱ አቧራዋን አራግፋ ሄደች። ደምሌም ጠመንጃውን ገዳሪፍ ወስዶ አንገረብ ለሚሠራ አናጢ ሰጠው፤ አንገረብ ሱዳኖች በገመድ የሚጠልፉት አልጋ ነው። ሰውየው ዕድሜ ልኩን የአልጋ እግር ሲጠርብ የኖረ ነውና ሰደፉንም አልጋ አሳክሎ ሰጠው። ለመሸከም ጥማድ በሬ ያስፈልግ ነበር ብል ትንሽ ነው የጨመርኩት።

«አያ ደምሌ፣ ትተኩስበታለህ ወይስ ትተኛበታለህ?» አልኩት።

«አንተን ከነአፍህ ይችላል» አለኝ።

በዋዜማው ደምሌ እንደ አገራችን ልማድ የሰደፉን አንገት በእርጥብ ጠፍር ጠመጠመው። የቆላ ሰው አዲስ ሰደፍ ሲያስገጥም ጥሬ የበሬ ቆዳ ውኃ ውስጥ ነክሮ ካላሰረበት እንጨቱ የሚጸና አይመስለውም። ቆዳው ሲደርቅ ጭምቅ አድርጎ ይይዛል። በዚያ ዓመት ቆዳ ሞልቶ ነበር። የጠፋው በሬው ነው።

ንጋት ላይ ጉብታዋን ያዝን። ደምሌ ምላጩን ሞከረ፤ ደህና ነው። ከሥራችን ሕዝቡ ወደ አሸዋው መውረድ ጀመረ። ድምፅ አልነበረውም። ልጆቹ እንኳ አያለቅሱም።

ረፋድ ላይ ደምሌ ባዶውን ጠመንጃ ደግኖ እንደገና ሳበ። ምላጩ መንገድ ላይ ቀረ። ወደፊትም ወደኋላም የለም።

«ሞላው ደክሞ ነው» አለ ካሣ።

«ሞላው ከአንተም ከእኔም ይበረታል» አለ ደምሌ።

ብሎኖቹን አላላ፤ ምላጩ ሠራ። አጠበቀ፤ ተያዘ። ብረቱን ከእንጨቱ አውጥቶ ለብቻው ሞከረው፤ ጠቅ አለ። «ብረቱ ጤነኛ ነው። በሽታው ያለው እንጨቱ ጋ ነው» አለ። እንጨቱ ምላጩን የሚነካበትን እንዲያሳየው ከሻይ ማንቆርቆሪያው ቂጥ ጥላሸት ፍቄ ሰጠሁት። ምላጩን ቀባው፣ ገጠመ፣ ሳበ፣ ፈታ። እንጨቱ ላይ የምላጩ ቀዳዳ ግራ ጎን ጥቁር ነክቷል። እዚያችን በጩቤ ጫፍ ፋቀና መልሶ ገጠመ። ሠራ። ተነፈስን።

ፀሐይዋ አናታችን ላይ ወጣች። ጥላችን እንኳ ሙቀቱን ፈርቶ እግራችን ሥር ገባ። በምሥራቅ በኩል አቧራ ታየ። ደምሌ ሲሞክረው ምላጩ ተይዟል። ፈታው። ጥላሸቱ አሁን ግራም ቀኝም ነክቷል።

ካሣ «ጨምረህ ፋቀው» አለው። ደምሌ ግን አልፋቀም። አውራ ጣቱን ጠፍሩ ላይ አድርጎ ቆየ። ጧት እንደ ሥጋ ይለሰልስ የነበረው ቆዳ ቀንድ ሆኗል።

«ጠፍሩ ነው» አለ። «በደረቀ ቁጥር እንጨቱን ምላጩ ላይ እየጨመቀው ነው።»

«ብትቆርጠው ሰደፉ አይሰነጠቅም? ፍቀህ አቅጥነኸዋል እኮ» አለ ካሣ።

«ባልቆርጠው የያዝኩት ዱላ ነው።»

ቆረጠው። ምላጩ ጠቅ አለ። ጠፍሩን ወደታች ወረወረው። ከጉብታው ሥር እሾሃማ ዛፍ ተጠልላ የነበረች ሴት ብድግ ብላ አነሣችው።

«ወንድሜ፣ ጣላችሁት?»

«ጠፍር እኮ ነው እታለም። ምን ያደርግልሻል?» አልኳት።

«እቀቅለዋለሁ።»

ደምሌ ወርዶ የቀትር ድርሻውን፣ አንድ እፍኝ የማሽላ ንፍሮ፣ ሰጣት። «አሁን ተነሥተሽ ተሻገሪ» ብሎ ተመለሰ።

ጦሩ ከቀትር በኋላ መጣ። ደምሌ ከሩቅ ጀመረላቸው። ተኙ። ተነሡ። መታ። ተኙ። እኛ ጥይት ቆጥበን ጠበቅን። ሦስተኛ ጥይቱ ላይ ሰደፉ ተሰነጠቀ። ጠመንጃውን ድንጋይ አስደግፎ፣ ስንጥቁን በግራ እጁ ጨብጦ ቀጠለ። ጉንጩ ደማ።

«ስንት ቀሩ?» አለ ዞር ሳይል።

«አሮጊቶቹና ልጅ ያዘሉት» አለ ካሣ።

«እንግዲያው ማንም አይነሣ።»

ከቀኝ በኩል ቀረቡን። ክላሾቹ ተከፈቱ። ከእኛ ሙሉዬ ወደቀ። አዳነ ወደቀ። የምንሽሯ ድምፅ እየተቆራረጠ ይሰማ ነበር። ዐሥር ሰዓት ገደማ የመጨረሻዋ እናት አሸዋውን ለቀቀች። ጥቂት ቆይቶ ጦሩም ሸሸ። ካሣ «ተነሡ» ሲል ደምሌ አልተነሣም። ግንባሩ ጠመንጃው ላይ አርፏል።

ከእኛ ሦስት ሞቱ። ከእነሱ አምስት። ከተሻጋሪዎቹ አንዲት አሮጊትና አንድ ሕፃን፤ እነዚህን የገደላቸው ጥይት አይደለም።

መቃብር ለመቆፈር ስንጀምር ከማዶ ሰዎች ሲመለሱ አየን። የተሻገሩት ወንዶች ናቸው። ካሣ «ሂዱ እንጂ!» ብሎ ጮኸባቸው። አልሰሙትም። አንዱ ጥቂት ይቆፍርና ይቀመጣል፤ ሌላው ይቀበለዋል። ዐሥሩንም ጎን ለጎን አጋደምናቸው። ከተመለሱት መካከል አንድ ሽማግሌ የማን ወገን የትኛው እንደሆነ ሳይጠይቁ «እግዚአብሔር ይፍታ» አሉ፤ ሁላችንም ተቀበልናቸው።

ያን ቀን ማን አሸነፈ ስትሉኝ የምመልሰው የለኝም። መቃብሩ ጥልቅ አልነበረም። የቻሉትን ያህል ነበር።