የእማማ ዘነበች ፓውዛ

እኔ እንኳን እንዲህ ያለ ወሬ ሲወራ የምስቅ ሰው ነበርኩ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነኝ፤ የምፈራው የተላጠ ሽቦ ብቻ ነበር።

አንኮበር ውስጥ የእኛ ቀበሌ፣ የውጭ መብራት ሁሉ ቆብ ይደረግለት፣ ብርሃኑም ወደ መሬት ይዙር ብሎ ደንብ ሲያወጣ ሥራውን ለእኔ ሰጠኝ። ሁሉም እሺ ሲል አንድ ቤት ቀረ። ከገደሉ አፋፍ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩት የእማማ ዘነበች ፓውዛ ማዶውን ሲያበራ ያድራል። ጎረቤቱ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ ከሰሰ።

ጀንበር እንደጠለቀች መሰላሌን ተሸክሜ ሄድኩ። ጉሙ ከገደሉ እየወጣ ነበር።

«ተው ልጄ፣ አትንካው» አሉኝ። «እሱን ማዶ ያቆመልኝ ይኼ መብራት ነው።»

«ማንን?»

ፓውዛው ከጀርባችን በርቷል፤ እሳቸው በጣታቸው ማዶውን አሳዩኝ። እውነትም ጉሙ ላይ ዛፍ የሚያክል ሰው ቆሟል። ክው ብዬ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቼ እጄን አነሳሁ፤ እሱም አነሳ።

«እማማ፣ የእኔው ጥላ እኮ ነው!» ብዬ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

መሰላሉ ላይ ወጥቼ ፓውዛውን ቁልቁል አዞርኩት፤ ቆቡንም አጠለቅኩለት። ማዶው ድርግም አለ። ወርጄ አጠገባቸው ቆምኩ።

«ይኸው፣ ሄደልዎ!»

እማማ ዘነበች እግራችን ሥር የወደቀውን ብርሃን ነበር የሚያዩት። እኔም አየሁ። የእኔ ጥላ አለ፤ የእሳቸውም አለ። በመካከላችን አንድ ሌላ ጥላ ተዘርግቷል።

«ማዶ አቁሜው ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «አሁን ግቢ አስገባህብኝ።»